ቀሪው ማን ነው?

የዛሬው ጥያቄያችን ሲያዩት ቀላል ነው። 58 ተማሪዎች ከኮተቤ ተነሥተው ብሔራዊ ሙዚየምን ሊጎበኙ አሰቡ። አንዱ ሚኒባስ ታክሲ 12 መንገደኛ ቢይዝ፣ ስንት ታክሲ ያስፈልጋቸዋል?

58 ለ12 ሲካፈል 4 ይደርስና 10 ይቀራል። አንዱ ተማሪ «4 ደርሶ 10 ቀሪ» ብሎ ይጽፋል፤ ሁለተኛው «4.83» ይላል፤ ሦስተኛው ቀሪውን ትቶ «4» ይላል። ሦስቱም ማካፈል ያውቃሉ፤ ነገር ግን 0.83 የሆነ ታክሲ በመገናኛ መንገድ ላይ ታይቶ አይታወቅም፤ በ4 ታክሲ ከሄዱም 10 ልጆች አስፋልት ዳር ቆመው መቅረታቸው ነው። ስለዚህ መልሱ 5 ነው።

ይህ ስሕተት በእኛ ተማሪዎች ብቻ የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 ውጤቱ በተገለጸ የአሜሪካ አገር አቀፍ ፈተና፣ 1,128 ወታደሮችን 36 ሰው በሚይዙ አውቶቡሶች ለማጓጓዝ ስንት አውቶቡስ እንደሚያስፈልግ የ13 ዓመት ልጆች ተጠይቀው ነበር። ከመቶ 70 ያህሉ በትክክል አካፈሉ፤ 32 ብለው የመለሱት ግን ከመቶ 23 ብቻ ነበሩ። ከመቶ 29ኙ «31 ደርሶ 12 ቀሪ» አሉ።

እንግዲህ በ58 ብር ባለ 12 ብር ደብተር ብንገዛስ? ቁጥሩም ማካፈሉም ያው ነው፤ መልሱ ግን 4 ደብተር ይሆናል፤ 10 ብሩ ኪስ ይገባል። ልዩነቱ ያለው ከቀሪው ማንነት ላይ ነው። ብር ኪስ ይገባል፤ የጤፍ ኩንታልም ነገ ሊጫን ይችላል፤ ሰው ግን አይጣልም።

አሁን በየታክሲው አንድ መምህር አብሮ ይሂድ እንበል። ለተማሪ የሚተርፈው ቦታ 11 ስለሆነ፣ 58 ለ11 ሲካፈል 5 ደርሶ 3 ይቀራል፤ 6 ታክሲ ያስፈልጋል፤ 8 ወንበርም ባዶውን ይሄዳል። ወጪ መቆጠብ የሚሻ የሒሳብ ሹም ለ3 ልጆች ብሎ ታክሲ መጨመሩ አይዋጥለትም፤ የታክሲው ረዳትም «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ብሎ በትርፍ ሊጭናቸው ይከጅላል።

እርግጥ ነው፣ አካፋዩ ራሱ የሚለወጥበት ጊዜ አለ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲወሰዱ የአውሮፕላን ወንበሮች ተነቅለው ነበር፤ አንዱ ቦይንግ 747 ብቻ ከ1,000 ሰው በላይ ጫነ። ያ ግን ጭንቅ ያስገደደው ነው፤ በኮተቤ መንገድ ልጆችን በትርፍ ለመጫን ምክንያት አይሆንም።

የጉዞ በጀት የምታዘጋጁ ወጣት ሠራተኞችም ሆናችሁ ለፈተና የምታጠኑ ተማሪዎች፣ አካፍላችሁ ስትጨርሱ እርሳሱን ከማስቀመጣችሁ በፊት «ቀሪው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

የሳምንቱ ጥያቄ፦ ከሾፌሩ ሌላ 4 ሰው የምትይዝ አንዲት መኪና 18 ሰዎችን ከኮተቤ ወደ መገናኛ ታደርሳለች፤ የመጨረሻዎቹን ካደረሰች በኋላ እዚያው ትቆማለች። መሄዷንም መመለሷንም ብንቆጥር ስንት ጊዜ ትጓዛለች? መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝበት።