ሰማዩን አትክሰሱ!

«ድርቅ የተፈጥሮ አደጋ ነው፤ መንግሥት ዝናብ ያዘንባል እንዴ?» የሚሉን ሰዎች አሁንም አሉ። እሺ፣ ዝናብ የሚያዘንብ መንግሥት የለም። ግን እኮ ማንም መንግሥትን ዝናብ አልጠየቀም! የተጠየቀው ሌላ ነው። ሰው እየሞተ ለምን ዋሻችሁ ነው የተባለው።

እስቲ ወሎን እናስታውስ። በ1965 ገበሬው በሬውን ሸጦ፣ ለዘር ያስቀመጠውን በልቶ ጨርሶ አውራ ጎዳና ዳር ተኮለኮለ። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣውን ፖሊስ ከመንገድ መለሰው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሱትን ፎቶግራፍ ለሕዝብ ቢያሳዩም ሹማምንቱን ያስጨነቃቸው የረሃቡ መታየት እንጂ ረሃቡ አልነበረም። የሚገርመው ደግሞ አገሪቱ እህል አላጣችም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በኋላ አጥንቶ እንዳሳየው፣ የዚያን ዓመት የአገሪቱ የምግብ ምርት ያን ያህል አልወረደም። የወሎ ሰው ያጣው መግዣውን ነው። እንዲያውም ከወሎ እህል እየተጫነ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይሄድ ነበር። በረሃብተኛው አፍንጫ ስር እህል የጫነ መኪና ሲያልፍ ይታያችሁ! ይሄም የሰማይ ጥፋት ነው?

ጥቅምት 1966 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ጉዱን በፊልም ለዓለም ዘረገፈው። ደርግ ያንኑ ፊልም የቤተ መንግሥት ግብዣ ቀላቅሎበት መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በቴሌቪዥን ለቀቀው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተጭነው ሄዱ። ረሃቡ ብቻውን ጣላቸው አልልም። የነዳጅ ዋጋው፣ የወታደሩ ደሞዝ፣ የታክሲው አድማም ነበር። ግን ያቺ ማታ ባትኖር ሕዝቡ እንዲያ በቀላሉ አይሸኛቸውም ነበር።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? በሰው ረሃብ ንጉሡን የከሰሰው ደርግ በአሥር ዓመቱ ያንኑ ፊልም ራሱ ደገመው። መስከረም 1977 የአብዮቱን በዓል ሲያከብር፣ ኢሠፓን ሲመሠርት፣ ሰሜን ኮሪያውያን አዲስ አበባን ሲያሸበርቁለት፣ ሰሜን ላይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። የራሱ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን አስቀድሞ ጮኾ ነበር። ማን ሰምቶት! የቢቢሲው ማይክል በርክ ኮረምን ያሳየን ጥቅምት 13 ቀን ነው፤ በዓሉ ካለፈ ከስድስት ሳምንት በኋላ መሆኑ ነው። ከዚያስ? 600 ሺህ የሚሆን ሰው፣ ብዙው በግድ፣ ለሠፈራ ተጫነ። «ደርግን የጣለው ጠመንጃ እንጂ ረሃብ አይደለም» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ግን ያ ገበሬ በ1983 ለደርግ ብሎ ለምን ይሙት?

ይህን ሁሉ የማነሳው ታሪክ ለማውራት አይደለም። በ2015 ስንዴ ወደ ውጭ መላክ ጀመርን ተብሎ ተጨበጨበ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም «የእርዳታው እህል ለተረጂው እየደረሰ አይደለም» ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ። ጥር 2016 ላይ የኢትዮጵያ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ያውም የመንግሥት ተቋም፣ በትግራይና በአማራ ክልል 400 የሚጠጋ ሰው በረሃብ መሞቱን ተናገረ። በሳምንቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ቀርበው በረሃብ የሚሞት ሰው የለም አሉ።

እንዴት ነው ነገሩ? ድርቅ ነው ረሃብ፣ የሞተው በረሃብ ነው ወይስ ረሃብ ባመጣው በሽታ እያሉ ቃል መሰንጠቅ ልጇን ለቀበረች እናት ምን ይጠቅማታል? ተቋሙ ከተሳሳተ ስህተቱ በማስረጃ ይነገረን። ካልተሳሳተ ደግሞ የሟቾቹ ዝርዝር በየወረዳው ይለጠፍ፣ ጋዜጠኛም ዋግ ኽምራ ገብቶ መቃብሩን ይቁጠር። ይሄን ለመፍቀድ እንኳ ክረምት መጠበቅ አያስፈልግም።