የታቦርን ኮረብታ ስለ መለካት

«የራስ ዳሸን ከፍታ ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ እጁን የማያወጣ ተማሪ በክፍላችን የለም። በየዕለቱ የምናየው የታቦር ኮረብታ ከሐዋሳ ሐይቅ በላይ ስንት ሜትር እንደሚነሣ ሲጠየቅ ግን ሁላችንም ዝም እንላለን። የሩቁን በቃላችን ይዘን የቅርቡን አለማወቃችን ስለ ከነከነኝ ይህን አሳብ ለማቅረብ ተነሣሣሁ።

ራስ ዳሸንንም ቢሆን ታላላቆቻችን 4,620 ሜትር ብለው አጥንተውት ነበር፤ በኋላ የተደረጉት ልኬቶች ግን ከ4,600 በታች አወረዱት። ተራራው አላጠረም፤ የተለወጠው አለካኩ ነው። እንግዲህ ቁጥር ሰው ደክሞ የሚያመጣው ነገር ነው፤ ይህንንም ለመረዳት አንድ ጊዜ ራስ መድከም ያስፈልጋል።

«ስልኩ ይነግረን የለ?» የሚል አይጠፋም። እኔና ባልንጀራዬ ስልኮቻችንን ጎን ለጎን ብንይዛቸው የተለያየ ከፍታ ነገሩን። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሜትርና የግንበኞችን ውሃ ልክ የመሰለ ቱቦ ይዘን፣ አባ ኮዳዎች የዓሣ ትራፊ ከሚጠብቁበት ከአሞራ ገደል ሐይቅ ዳር ተነሣን።

አለካኩ ቀላል ነው። ጥርት ያለውን ቱቦ ሁለቱ አፎቹ ወደ ላይ እንዲሆኑ አጥፈን በአጭር ጣውላ ላይ አሰርንና ውሃ ሞላንበት። በሁለቱ የውሃ ፊት ላይ አሻግሬ ስመለከት ዓይኔ በቀጥታ ያረፈበት መሬት ከቆምሁበት በዓይኔ ቁመት፣ ማለት በ1 ሜትር ከ56 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነው። ባልንጀራዬ እዚያ ይቆማል፤ እኔ ሄጄ ስፍራውን እይዝና «አንድ» እላለሁ፤ እንዲህ እያልን እስከ ጫፉ።

የሐዋሳ ሐይቅ በግልጽ የሚታይ መውጫ የለውም፤ የጥቁር ውሃ ወንዝና ዝናም ይሞሉታል፤ ፀሐይ ታጎድለዋለች። ውሃው ከፍና ዝቅ ስለሚል የለካንበትን ቀን በደብተራችን ራስ ላይ ጻፍን።

ከግማሽ በላይ ስንደርስ አንድ እረኛ ልጅ መሬት መሬቱን ስናይ ተመልክቶ «ምን ጠፍቷችሁ ነው?» አለን። «ምንም አልጠፋንም» ብለን ስንሳሳቅ ለካ ቁጥሩ ጠፍቶኝ ኖሯል! እውነቱን መናገር አፍሬ የገመትሁትን ጻፍሁ። ስንወርድ እንደ ገና ብንለካ በሦስት መቆሚያ ተለያየ። ያን ጊዜ ጥፋቴን ተናዝዤ «መካከሉን እንጻፍ» አልሁ። ባልንጀራዬ ግን «መካከሉ ላይ ቆመን አናውቅም» አለኝ። ፀሐዩ በርትቶ ነበርና ተኰራርፈን ተለያየን።

በሳምንቱ ግን እርሱው ቤቴ መጥቶ ጠራኝና ከሐይቁ ጀምረን፣ በየመቆሚያው ጠጠር ወደ ኪሳችን እየጨመርን ወጣን። ጫፉ ላይ ተቀምጠን ጠጠሩን ስንቆጥር ባልንጀራዬ እግሬን አይቶ ሳቀ። የዓይኔን ቁመት የለካነው በባዶ እግሬ፣ የወጣሁት ግን በጫማ ነው! የጫማው ሶል 3 ሳንቲ ሜትር ነው። ምን አላት? ትሉ ይሆናል፤ በ50 መቆሚያ ግን 1 ሜትር ተኩል ትሆናለች። ይህንንም አስልተን አረምነው።

«አሥር ጊዜ ለካ፤ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚባለው ለልብስ ሰፊ ብቻ አይደለም። የእኔ አሳብ እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል በየዓመቱ አንድ የቅርብ ነገር ይለካ፤ ኮረብታ ቢሆን፣ የወንዝ ስፋት ቢሆን። መምህራኖቻችንም ማርክ የሚሰጡት መልሱ ከመጽሐፍ ጋር ስለ ገጠመ ሳይሆን፣ ተማሪው የት ላይ እንደ ተሳሳተ በደብተሩ ስለ ጻፈ ይሁን። ስሕተቱን መጻፍ የሚፈራ ተማሪ ነገ መሐንዲስ ወይም ሐኪም ሲሆን የሚደብቀው የጫማ ሶል አይሆንም። ወላጆችም ልጃችሁ ቅዳሜ ጧት ቱቦ ይዞ ሐይቅ ዳር ሲሄድ ብታዩት ሥራ ፈት አትበሉት።

ያገኘነውን ቁጥር እዚህ አልጽፈውም። ከጻፍሁት በቃላችሁ ትይዙትና ኮረብታው ላይ ሳትወጡ ትቀራላችሁ። ደብተራችን በጂኦግራፊ መምህራችን እጅ ይገኛል፤ ለክታችሁ ኑና እናስተያይ። ልዩነት ከተገኘም አብረን እንደ ገና እንወጣለን።