ጌጫን በ30 እለፏት

ከቴፒ ወደ ማሻ የሚወጣ ሾፌር የሸካዋ ጌጫ ከተማ ሲደርስ ምን እንደሚያስብ አውቀዋለሁ። እኔም በዚህ መስመር ለዓመታት አይሱዙ ነድቻለሁ። ሐሳቡ ጭነቱን አራግፎ ለሌላ ቢያጆ መመለስ ነው። የሚከፈለው በምልልስ ነዋ! ለጥንቃቄ የሚከፍል ባለንብረት እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጌጫ ውስጥ ግን መንገዱ የሾፌር ብቻ አይደለም። ቤቱም ሱቁም ፊቱን የሰጠው ወደዚያው ነው። በገበያ ቀን ቆጮና ማር የተሸከመ ሰው ይሞላዋል። ተማሪ ሲለቀቅ ደግሞ ልጆች ሳይክል በደቂቃ ተከራይተው የሚለማመዱት እዚያው ዳር ላይ ነው፤ በዚህ ዳገትና ቁልቁለት አገር ሌላ ደልዳላ ቦታ ከየት ያምጡ? ጀማሪ ልጅ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ጓደኛው ከኋላ እየገፋው፣ መሪው እየተወላገደበት፣ ሳያስበው መሃል ይገባል።

አዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ ለብስክሌት የተለየ መስመር ሠርታለች፤ ደግ አደረገች። የእኛ ከተማ ያንን ያህል ገንዘብ እስክታገኝ ልጆቹ አድገው ያልቃሉ። በእጃችን ያለው ርካሹ ነገር ነው፦ መኪና ከተማ ውስጥ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዳያልፍ ማድረግ።

ለምን 30? ሾፌር ልጁን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በ50 የሚሄድ መኪና በዚያች ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ፍሬኑ ገና አልተነካም። በ30 የሚሄደው ግን በደረቅ መንገድ ላይ እዚያ ርቀት ሳይደርስ ይቆማል። ይህ የቤት መኪና ስሌት ነው። ቡና የጫነ አይሱዙ፣ ያውም በሸካ ዝናብ፣ ከዚህ በጣም ይርቃል። ጉም ሲወርድማ ልጁ መኖሩም አይታይ።

በየካቲት 2012 ዓ.ም. ስቶክሆልም ላይ የተካሄደው የዓለም የመንገድ ደህንነት ጉባኤ እግረኛና ብስክሌተኛ ከመኪና ጋር በሚቀላቀሉበት መንገድ ጣሪያው 30 እንዲሆን ጠይቋል። ስፔን በግንቦት 2013 በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ ባላቸው የከተማ መንገዶች ላይ ይህንኑ ሕግ አድርጋ በሥራ ላይ አውላለች።

ጓደኞቼ ሾፌሮች «ሰዓት ይገድልብናል» ይሉኛል። ሁለት ኪሎ ሜትር የከተማ መንገድ በ60 ሁለት ደቂቃ፣ በ30 አራት ደቂቃ ነው። ረዳቱ ጫት ሊገዛ ሲወርድ ከዚያ በላይ ያስጠብቀናል፤ ያኔ ስለ ሰዓት የሚያነሳ የለም።

ምልክት ብቻ ተክሎ መሄድ ግን ከንቱ ነው። ሾፌር የሚፈራው ትራፊክ ፖሊሱን ነው፤ እሱም ማታ ቤቱ ይገባል። ሌሊትም የሚሠራው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ነው። ልጅ ከተገጨ በኋላ ሰው ተናዶ በድንጋይና በአፈር የሚከምረውን ማለቴ አይደለም፤ እሱ ምልክትም ቀለምም ስለሌለው በጨለማ ሞተረኛ ይጥላል። በልኩ የተሠራ፣ የተቀባ፣ ከሩቅ የሚታይ ጉብታ ይሁን።

የከተማው አስተዳደር ለመላው መንገድ በጀት እስኪመጣ አይጠብቅ። መንገዱ የፌዴራል ነው ከተባለም ዛሬውኑ ደብዳቤ ይጻፍ። በትምህርት ቤት ፊት ግራና ቀኝ ሁለት ጉብታ፣ ከፊታቸው የ30 ምልክት፤ ለመነሻ ይበቃል። የቡና መኪና ምልልስ በጥቅምት ከመበርታቱ በፊት ይሠራልን።