የእህትህ ላብ የጋሸናን ዳገት ይወጣል ወይ?



ሰሞኑን ላሊበላ ከአጎቴ ልጅ ጋር ቁጭ ብለን ነበር። ሪያድ ያለችው እህቱ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን ላከችለት፤ እሱም አዲስ አበባ ሄዶ ያገለገለ ሚኒባስ ገዛ። ቀለሙ ያምራል፣ ወንበሩ አዲስ ጨርቅ ለብሷል። ደላላው «ቁልፍ አስገብተህ መንዳት ብቻ ነው» አለው። ከወልድያ በላይ የድልብን ዳገት ሲወጣ የሙቀት ማሳያው ወደ ቀይ ሄደ። ውሃ እየጨመረ ጋሸና ደረሰ። ላሊበላ ሲገባ ቴስታታው ተጣሞ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ነበር። መኪናው አሁን በር ላይ ቆሟል። እህቱ ደውላ «ሥራ እንዴት ነው?» ስትለው «አልሐምዱሊላህ» ይላታል። ሌላ የሚላት የለውም።

ሻጩን መርገም ቀላል ነው። እኔ ግን ግማሹ ጥፋት የኛ ነው እላለሁ። ለላስታ ተራራ የሚሆን መኪና በቦሌ ሜዳ ላይ አሥር ደቂቃ ነድተን እንገዛለን።

ሞተር እንደ ሰው አየር ይተነፍሳል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ ከመቶ ያህል ያጣል። ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው የጋሸና አካባቢ ከጉልበቱ ሲሶው ገደማ የለም ማለት ነው። ውሃም እዚያ በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚከላከለው ለዚህ ነው። ላስቲኩ የደረቀ አንድ ርካሽ ክዳን ስንት ሞተር አቃጥሏል!

«አዲስ አበባም እኮ ከፍታ ነው» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ። ነገር ግን እዚያ መኪናውን የሞከርከው ባዶውን ነው። እንጦጦ እኮ ቅርብ ነው፤ ከፍታውም ጋሸናን አያሳፍርም። ሰው ሞልተህ እንጦጦን አውጣው፤ ከላይ አቁመህ ሞተሩ እየሠራ ሙቀቱን እይ። ሻጩ እምቢ ካለህ መልስህን አግኝተሃል፣ ሌላ ፈልግ። ጠዋት ስትሄድ ደግሞ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጅህ ዳስስ። ከሞቀ ቀድመው አስነስተውታል፤ ሲቀዘቅዝ አስቸጋሪ የሆነ ሞተር እንዲህ ነው የሚደበቀው። የዘይት ክዳኑ ውስጥ ወተት የመሰለ ነገር ካየህ፣ ወይም ሞተሩ እየሠራ የራዲያተሩ ውሃ አረፋ ከተፋ (ክዳኑን ሞተሩ ሳይሞቅ ክፈት፣ ፊትህን እንዳታቃጥል) ትተህ ውጣ። የሚከፈለው መካኒክ ያንተ ይሁን፣ ደላላው ያመጣልህን አትቀበል።

ጎማ ላይ አራት አኃዝ ተጽፎ ታገኛለህ። 2319 ቢል በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ሆኖ ዕድሜው ያለፈ ጎማ በሞላ አለ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብዙም አትመን፤ የፔዳሉን ላስቲክና የመሪውን መላላጥ እይ። ቆጣሪው 60 ሺህ እያለ ፔዳሉ ብረቱ ከታየ አንዱ ይዋሻል፣ ፔዳል ደግሞ አይዋሽም።

ከሻጮች መካከል የኛው ወንድሞች እንዳሉ አልደብቅም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከትተው ከሥር እርጥበት ያገኙበትን ታሪክ ሁላችንም ተምረናል። ከላይ ደረቁ፣ ከሥር እርጥቡ። ቆጣሪ መመለስ ከዚህ በምን ይለያል? ጉድለቱን ተናግሮ ዋጋ ቀንሶ መሸጥ የማይቻል ይመስል! በተለይ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ያገለገለ መኪና የሚፈልገው ብዙ ነው፤ እውነት ተናግሮም ገዢ አይጠፋም። (በነገራችን ላይ የኤሌክትሪክ መኪና በከፍታ ጉልበት አያጣም፣ ቁልቁለት ላይም ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ግን መብራት በጠፋ ቀን፣ ቻርጅ ማድረጊያ በሌለበት መንገድ ምን ታደርጋለህ? ለከተማ እሺ፤ ለወልድያ መንገድ እኔ ገና አልደፍርም።)

ወረቀቱ ላይ ደግሞ አትቸኩል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ራስህ አመሳክር፤ የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት ፋይሉ ካለበት መንገድ ትራንስፖርት አጣራ። በውክልና ብቻ ገዝተህ ዓመታት አትንዳ። ወካዩ ሐሳቡን ቢቀይር ይሽረዋል፤ ቢሞት ደግሞ በመርህ ደረጃ ውክልናው ይቀራል፣ ከወራሾቹ ጋር ትጋፈጣለህ። ሻጭ ከሆንክም ተጠንቀቅ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2081 መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ የሚያደርገው ባለቤቱን ነው፣ ያልፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ። ስሙ ሳይዛወር የሸጥከው መኪና ሰው ቢገጭ አንተም ፍርድ ቤት ልትቆም ትችላለህ። በሕግ የግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ደግሞ የሌላውን ሰው ጉዳት እንጂ ያንተን መኪና አይጠግንም፤ ብዙዎች ይህን የሚያውቁት ከተገለበጡ በኋላ ነው።

ገንዘብ ከጎደለህ ወለድ ውስጥ አትግባ። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ አለን፤ ሌሎቹም መስኮት ከፍተዋል። በሙራባሓ ባንኩ መኪናውን ገዝቶ የራሱ ካደረገ በኋላ ትርፉን ነግሮህ ይሸጥልሃል። ወርሃዊውን ሳይሆን ጠቅላላውን ዋጋ ጠይቅ። ሒሳብህንም በጥሩ ወር አትሥራ። በላሊበላ ቱሪስት ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ነዳጅ በጀሪካን ሲሆን ክፍያውን ትችለዋለህ ወይ?

አሁን ወደ ሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ከጋሸና ወደ ላሊበላ ስትሄድ መጀመሪያ ትወርዳለህ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ያለው 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አንድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁለት! ብዙ ልጆች ይህን በፎሌ ይወርዱታል፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው። አንዳንዱ ሞተሩን ጭምር ያጠፋል። ሞተር ሲጠፋ የፍሬን አጋዡ ጥቂት ጊዜ ከረገጥከው በኋላ ያልቃል፣ መሪው ይከብዳል። ሞተሩ ባይጠፋም ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ስለሚወድቅ ሸራው ግሎ መያዝ ያቆማል። ፔዳሉን ረግጠህ መኪናው አለመቆሙን የምታውቀው ኩርባው ላይ ነው።

የሚያናድደው ደግሞ ነዳጁም አይቆጠብም። ኢንጀክሽን ያለው መኪና በማርሽ ሲወርድና እግርህ ከነዳጁ ላይ ሲነሳ ለሞተሩ ነዳጅ ያቋርጣል። በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ስለዚህ ዳገቱን በወጣህበት ከባድ ማርሽ ውረደው፣ ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ እያደረግክ። አሥራ ምናምን ነፍስ ከኋላህ ተቀምጧል፤ ተሳፋሪም ብትሆን ሾፌሩ ፎሌ ሲያደርግ ዝም አትበል፣ «ወንድሜ፣ ማርሽ አስገባ» በለው።

የአጎቴ ልጅ ባለፈው ጁምዓ ከሶላት በኋላ ለእህቱ ደውሎ እውነቱን ነገራት። ትጮህብኛለች ብሎ ፈርቶ ነበር። ጥቂት ዝም አለችና «ስትገዛው መካኒክ ይዘህ ነበር?» አለችው።