የትውልድ ቍጥርና የሕፃናት ደዌ

በብዙ ቤት ሕፃን ጕድለት ይዞ ሲወለድ ባል በሚስቱ ዘር፣ ሚስትም በባልዋ ዘር ያመካኛሉ፤ ከዚያም በኋላ ነገሩ ከጎረቤት ተሰውሮ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ የአንድ ሐኪም ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ልንጽፍ ወደድን፤ ዓመታቱ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ዶክተር ቪክቶር መኩሲክ በአሜሪካ በሜይን አገር ከላም አርቢ ቤት በ1921 ዓ.ም. መንታ ሆነው ተወለዱ። መንታ ወንድማቸው ቪንሰንት ሕግ ተምረው የሜይን ዋና ዳኛ ሆነዋል፤ እኛም የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለ ሆንን ይህን ሳናነሣ ለማለፍ አልቻልንም። ቪክቶር ግን በ1937 ዓ.ም. ገና ልጅ ሳሉ ታመው ብዙ ሳምንት በሆስፒታል ተኝተው ስለ ነበር ሐኪም ለመሆን ቈረጡ። አስቀድመው የልብ ሐኪም ነበሩ፤ በ1957 ዓ.ም. በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ በዘር የሚወረሱ ደዌዎች የሚመረመሩበትን ክፍል አቋቋሙ።

በፔንሲልቫኒያ በላንካስተር አውራጃ አሚሽ የተባሉ ክርስቲያኖች ይኖራሉ። ጋብቻቸው ከማኅበራቸው ውስጥ ነው፤ ትውልዳቸውንም በመጽሐፍ ጽፈው ይጠብቃሉ። በነርሱ ዘንድ ቁመታቸው እጅግ ያጠረ፣ ጣታቸው ስድስት የሆነ፣ ብዙዎቹም በልብ ሕመም በሕፃንነታቸው የሚሞቱ ልጆች ይወለዱ ነበር። ዶክተር መኩሲክ ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ የእናትንም የአባትንም ትውልድ ቢቈጥሩ፣ ኹለቱም ወገን በ1744 ዓ.ም. ወደዚያ አገር ከመጡት ከሳሙኤል ኪንግና ከሚስቱ የሚወርድ ሆኖ ተገኘ። ይህንም በ1964 ዓ.ም. ጽፈው አስታወቁ። ወላጆቹ ራሳቸው ጤነኞች ናቸው፤ የተሰወረውን ጕድለት ልጁ ከአባቱም ከእናቱም ሲወርስ ነው ደዌው የሚገለጸው። እንግዲህ አንዱን ወገን ብቻ መክሰስ ፍርድ ማጓደል ነው። (ስድስተኛ ጣት ብቻውን ሲሆን ግን ብዙውን ጊዜ ጕዳት የለውም፤ ወላጆች አይደንግጡ።)

አባቶቻችን እስከ ሰባት ቤት ቈጥረው የዘመድ ጋብቻን መከልከላቸው በዚህ ነገር ጠቅሞናል። ነገር ግን እኛ የምንቈጥረው ለርስትና ለክብር ስለ ሆነ፣ በሕፃንነቱ የሞተውን ከቍጥር እናወጣዋለን፤ ሐኪሙ የሚፈልገው ግን እርሱን ነው።

በ1966 ዓ.ም. ዶክተር መኩሲክ በዘር የሚወረሱትን ባሕርያትና ደዌዎች መዝግበው በመጽሐፍ አወጡ፤ መጽሐፉም እስከ 1998 ዓ.ም. ዐሥራ ኹለት ጊዜ ታተመ። የአሚሾቹ ልጆች ደዌ የሚመጣበት ዘረመል በ2000 ዓ.ም. ተገኘ፤ እርሳቸውም ይህን አይተው በ2008 ዓ.ም. ዐረፉ። ዛሬ ከጥቂት ደም የሰውን ዘረመል በሙሉ ማንበብ ይቻላል፤ የተነበበውም በኮምፒዩተር ከሚገኘው ከዚያው መዝገብ ጋራ ይተያያል። ቢሆንም ሐኪሙ ደሙን ከመቅዳቱ በፊት ወላጆቹን አስቀምጦ፣ «ከቤታችሁ በልጅነቱ የሞተ አለን?» ብሎ ይጠይቃል።