የጤና ቡድናችን ሟቹን እንዴት ያስበው?

ቦንጋም ሆነ ሌሎች የካፋ ከተሞች ውስጥ ብዙዎቻችን የጤና ቡድን አለን። እሁድ ጠዋት ኳስ እንጫወታለን፣ አንዳንዴም ሰብሰብ ብለን ወደ ባርታ ፏፏቴ ወይም ወደ እግዜር ድልድይ እንሄዳለን። ከመካከላችን አንዱ ወደ አኼራ ሲሄድ ያው ጥያቄ ይመጣል። ፎቶው ያለበት ቲሸርት ይታተም? በስሙ ዋንጫ ይዘጋጅ? ዓመቱ ይታሰብ? አንዱ "ቢድዓ ነው፣ ተዉት" ይላል፤ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። እኔ ማብቃት የለበትም ባይ ነኝ።

ሞት ለእንዲህ ዓይነቱ ስብስብ ሩቅ አይደለም። የቀድሞው የብሔራዊ ቡድን አጥቂ አሰግድ ተስፋዬ በ2009 ያረፈው ኳስ ሲጫወት ወድቆ ነው። እሱን ሬዲዮውም ጋዜጣውም አስቦታል። የሰፈራችንን ተከላካይ ግን ከቤተሰቡ ቀጥሎ የሚያስበው ቡድኑ ነው።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን አስታውሱ። በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን መስጂድ የምትጠርግ ሴት ነበረች። ስትሞት ሰሃቦች ነገሩን ቀለል አድርገው፣ ሳይነግሯቸው ቀበሯት። ረሱል ግን ሲያጧት ጠየቁ። ለምን እንዳልነገሯቸውም ጠይቀው፣ ቀብሯን አሳዩኝ ብለው ሄደው ሰገዱባት። መጀመሪያ መጉደሏን አስተዋሉ፤ ከዚያ የሚደርሳትን ነገር አደረጉላት።

የአንድ ደቂቃው ዝምታ ለሟቹ ምን ያደርስለታል? በዲናችን መሠረት የለውም፤ ደቂቃዋ ሳትሞላ ደግሞ ከኋላ የሚሳሳቅ አይጠፋም። ዱዓእ ግን ይደርሳል፣ ሰደቃም ይደርሳል። ለሃያ ሰው ቲሸርት የሚወጣው ብር የሟቹን የሱቅ ዱቤ ሊዘጋ ይችላል። ሁለት ዲናር ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ሲመጣ፣ አቡ ቀታዳ ዕዳውን በራሱ ላይ እስኪያደርግ ድረስ ረሱል አልሰገዱበትም። ጀዕፈር ሙእታ ላይ ሲሞት ደግሞ ለቤተሰቡ ምግብ እንዲሠራ አዘዙ።

በስሙ ስለሚዘጋጀው ዋንጫ፣ ኳሱ ዒባዳ ስላልሆነ ለመከልከል አልቸኩልም። ገቢው ለልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርም ከዋለ እኔም መጥቼ አያለሁ (አጨዋወታችሁ ቢያበሳጨኝም)። ለዋንጫው፣ ለድምፅ ማጉያውና ለምሳው ካለቀ ግን በሟቹ ስም ተዝናናን እንጂ አላሰብነውም።

ታዲያ ነገሩ በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ ይጻፍ። ለስሜት ከተተወ ያዳላል። ግብ አግቢው ሲሞት ከተማው ይነቃነቃል፤ ዘወትር ኳስ ሲያቀብል የኖረው ዝምተኛ ሲሞት ግን ፌስቡክ ላይ አንድ ፎቶ ተለጥፎ ያልቃል። ደንብ ካለ ሁለቱም እኩል ናቸው። ከወር መዋጮው ትንሽ ለዚሁ ይቀመጥ። መድረሳው ግቢ ውስጥ በስሙ አቮካዶ ብንተክልለትም ሰውም ወፍም በበላ ቁጥር ሰደቃ ነው።

ቡድናችን ውስጥ ክርስቲያን ጓደኞችም አሉ። የእነሱ ሰው ሲሞት ለቅሶ መድረስ፣ ድንኳን መትከል፣ ቤተሰቡን ማገዝ የጉርብትና ሐቅ ነው። እነሱም ለጀናዛችን ሲመጡ አይተናል። የዕዳውና የቤተሰቡ ነገር በደንቡ ውስጥ ለሁሉም ይሁን።

ሁለት ሰው ተመርጦ ቤተሰቡን ስለ ዕዳው የሚጠይቀው ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይሁን። ሰው ከተበተነ በኋላ ሚስቱ ለመናገር ታፍራለች፤ ባለዱቤውም በር ማንኳኳት ይጀምራል።

ወሏሁ አዕለም።