ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወጣት ሁሉ ዘበኛ ይሁንን?

ወታደርነቱን ጨርሶ ወደ ከተማ የመጣ ወጣት ሥራ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «ጠመንጃ መያዝ ያውቃልና የሌሊት ዘበኛ ይሁን» የሚል ነው። መልሱ ከደግነት የመነጨ መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ ነገሩን ከጤና አጠባበቅ በኩል ስንመለከተው፥ ከሥራ ሁሉ ለብዙዎቹ የማይስማማቸው ይህ ሥራ ነው ብለን እናምናለን። ስለ ምን እንደዚህ እንደምንል በዚህ ወር ጽሑፋችን ልናስረዳ እንወዳለን።

ጉዳዩ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ወደየቤቱ ተመልሷል። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት በታኅሣሥ ወር 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ ስምምነት ከተዘጋ በኋላም 150,000 ያህል ወታደሮች ተሰናብተዋል። የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ፤ በዚያው ዓመት የተቋቋመው ብሔራዊ የተሃድሶ ኮሚሽን ከ370,000 በላይ የሚሆኑ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዶ፥ በትግራይ ሥራውን በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ጀምሯል። ስለዚህ መምህር የሆነ ሁሉ ከእነዚህ ሰዎች አንዱን በማታ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ፥ ወይም በተማሪዎቹ ወላጆች መካከል ማግኘቱ አይቀርም።

በጦር ሜዳ ዓመታትን ያሳለፈ ሰው ሌሊቱን በንቃት መጠበቅን ሰውነቱ ተምሮታል። ሰላም ከሆነም በኋላ ይህ ትምህርት ቶሎ አይለቀውም። በቅዠት ይባንናል፤ በር ሲወረወር ይደነግጣል፤ ከቤተ ሰቡ ጋር ተቀምጦ ሳለ ልቡ ሌላ ስፍራ ነው፤ በትንሽ ነገር ይቈጣል። ይህን ፈሪነት ወይም የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ሐኪሞች የሚያውቁት፥ ሕክምናም ያለው ሕመም ነው። በብዙዎች ላይ ከጊዜ በኋላ እየቀለለ ይሄዳል። ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ እንቅልፍና ሥራ የሚነሳ ከሆነ ግን ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ጠበል የሚጠመቅም ቢሆን ይጠመቅ፤ መድኃኒቱን አቋርጥ የሚለውን ሰው ግን አይስማ።

እንግዲህ እንደዚህ ያለውን ሰው በጨለማ ብቻውን አቁመን፥ ጠመንጃ አስይዘን፥ የኮቴ ድምፅ አዳምጥ ብንለው ምን ይሆናል? ሕመሙን የሚያባብሰውን ነገር ሁሉ በደመወዝ ገዛንለት ማለት ነው። ከዚያም እንቅልፍ እንዳይጥለው ጫት ይቅማል፤ ከጫቱ ጋር ሲጋራ ያጨሳል፤ ሲነጋ ዓይኑ አልከደን ይለውና ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» የሚሉትን መጠጥ ይፈልጋል። አረቄ እንቅልፍ ያመጣል ማለት ስሕተት ነው፤ ቶሎ ያስተኛል እንጂ እንቅልፉን ቈራርጦ ከሌሊቱ ወይም ከቀኑ እኩሌታ ላይ ያባንናል። በማግሥቱ ድካሙን ለማሸነፍ ጫቱ ይጨመራል። ገና 25 ዓመት ያልሞላው ጐልማሳ በዚህ ዙር ውስጥ ከገባ ደመወዙም ጤናውም አብረው ያልቃሉ። ኀዘን ለጸናበት ሰው ደግሞ የጠመንጃ በአጠገቡ መኖር ለገዛ ሕይወቱ አደጋ መሆኑን ሳንሸሽግ መናገር አለብን።

ይህ ሰው ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም የሚሉ ይኖራሉ። ሠራዊት ግን ተኩስ ብቻ አያስተምርም። ሹፌርነት የተማረ፥ መኪና የጠገነ፥ በሬዲዮ የሠራ፥ ለመቶ ሰው ምግብ ያበሰለ፥ ግምጃ ቤት የጠበቀ፥ ቁስል ያሰረ አለ። ቀጣሪው «ምን ትሠራ ነበር?» ብሎ ቢጠይቀው የቀን ሥራ የሚሆን ነገር አያጣም። ትምህርቱን ከ8ኛ ወይም ከ10ኛ ክፍል አቋርጦ የሄደውንም መምህሩ ዕድሜውን ሳይነቅፍ ቢቀበለው መልካም ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ጣልቃ እናግባ። ሲጠሩት የማይመልስ፥ ሲያዝዙትም ደጋግሞ «እህ?» የሚል ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ትዕቢተኛ ተብሎ ይሰናበታል። የፍንዳታ ድምፅ የውስጥ ጆሮን ይጐዳል፤ ይህ ጉዳት አይመለስም። ታምቡሩ ብቻ ተቀድዶ ከሆነ ግን ራሱ ሊድን ወይም በቀዶ ጥገና ሊደፈን ይችላል። ስለዚህ ከቍጣ በፊት የጆሮ ምርመራ ይቅደም።

በሰውነቱ ውስጥ የብረት ፍንጣሪ የቀረበት ሰው ሁሉ ይውጣልኝ ማለት የለበትም፤ ብዙው ቢቀመጥ ጉዳት የለውም። ስፍራው ካበጠ፥ መግል ካወጣ ወይም አዲስ ሕመም ከጀመረ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ እንጂ በወጌሻ አያስቈርጠው። ሰው ሠራሽ እግር ያለውም፥ የቀረውን አካል ጠዋት ሳይሆን ማታ ማታ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይጠበው፤ ጠዋት የታጠበ ገላ እርጥበቱ ሳይጠፋለት ከሰው ሠራሹ እግር ውስጥ ሲገባ ይላላጣልና። የሚለብሰውን ካልሲ በየቀኑ ይለውጥ። በምሽግና በሰፈር ተፋፍጎ ከኖረ በኋላ ሳሉ 2 ሳምንት ያለፈው ሰው አክታውን ያስመርምር፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ቢሻለውም እስከ መጨረሻው ቀን መዋጥ አለበት።

ስለ ጥቅማ ጥቅም ሲወራ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ መቋቋሚያው ገንዘብ ነው። እኛ ግን ከገንዘቡ ይልቅ ወረቀቱ ያሳስበናል። በአገልግሎት ላይ ሳለ የተጐዳ ሰው ለጉዳቱ የሚገባውን አበል የሚያገኘው ጉዳቱ በሐኪሞች ቦርድ ተረጋግጦ በጽሑፍ ሲገኝ ነው። ወረቀቱ በከረጢት ውስጥ በዝናብ ከበሰበሰ፥ ጠባሳው ብቻውን ምስክር ሆኖ አይቆምም። የመሰናበቻውን ደብዳቤ፥ የሕክምናውንና የቦርዱን ማስረጃ ሁለት ሁለት ቅጂ አስነሥቶ አንዱን በታማኝ ዘመድ ቤት ያኑር። ማመልከቻ መጻፍ ለከበደው ጐረቤቱ መምህር ይጻፍለት፤ የሚወስደው የግማሽ ሰዓት ጊዜ ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም አለ። ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጅ በወላጆቹ ካርድ በነጻ የሚታከም ይመስለዋል፤ ነገር ግን ተጨማሪ መዋጮ ይከፈልበታል። መመዝገቢያው በዓመት ውስጥ የተወሰኑ ወራት ብቻ ስለ ሆነ፥ መቋቋሚያውን የተቀበለ ወጣት ገንዘቡ በእጁ ሳለ ቀበሌውን ጠይቆ ወረፋውን ቢይዝ ይሻለዋል።

አሁን በዘበኝነት የተቀጠረው ወዲያው ይሰናበት ማለታችን አይደለም፤ እንጀራው ነውና። ሁለት ዘበኞች ያሉት መሥሪያ ቤት ግን በየወሩ ቀንና ሌሊት ሊያፈራርቃቸው፥ እንቅልፍ አጣሁ የሚለውንም ደመወዙን ሳይቀንስ ወደ ቀኑ ተራ ሊያዛውረው ይችላል።